በኪሴ የቀረው እጀታ

ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አንድ የናስ እጀታ ተቀምጧል። ቁመቱ ከመካከለኛ ጣቴ አይበልጥም፤ በአንደኛው ጫፉ የውሃ መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭን አናት የሚነክስ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንሥቶ በመዳፉ ይመዝነውና «ይህ ምን ያደርግልዎታል?» ይለኛል። «የሥራ ዕቃ ነው» ብዬ አልፋለሁ። በእርሱ ምክንያት ስድስት ሰዎችና አንድ ሕፃን ውሃ ሊበላቸው እንደነበር በአንደበቴ ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም። በጽሑፍ ግን እሞክራለሁ።

የመንግሥት ሥራዬ ያበቃው በጡረታ ደብዳቤ ነው። የሥራ ዘመኔ ያበቃው ግን ከዚያ በኋላ፣ ከቤሌ ወዲያ የኃይል ማመንጫው ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ፣ እኔ ራሴ ባልተገኘሁበት አንድ ጠዋት ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሶዶ ስመለስ የተመደብኩት የገጠር ጉድጓዶችን ፓምፕ በሚጠግን ክፍል ነበር። ከሶዶ ወደ ቤሌ፣ ከቤሌ ወደ ሁምቦ፣ ከሁምቦ ተመልሼ ወደ ሶዶ ተዛውሬያለሁ። ከአለቆቼ አንደኛው ሪፖርቴን በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ጥንቃቄ አስተማረኝ፤ ሌላኛው አንድም ጉድጓድ ሳያይ መጥቶ ሄደ። ደመወዙ ልጆቼን አሳድጓል፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ባሳ ናቸው። የሻንቶ ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡ የፓምፕ ቴክኒሽያን ነበሩ። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ፤ እርሳቸው ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ባለ ዲግሪው» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስከ ዛሬም አልተዉኝም።

«ከፓምፕ ጋር ለሚኖር ሰው ጠላቱ አንድ ነው፤ ቀዳዳ» ይሉ ነበር። በመምጠጫው ቱቦ ላይ መርፌ የምታስገባ ክፍተት ካለች ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር ከገባ ውሃው ይቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይቀቡና ጉንጫቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚያፈተልክ ትንፋሽ ይፈልጉ ነበር። እኔም ያንን ጉንጭ ማስጠጋት ከእርሳቸው ወርሼ ኖርኩ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ከፍርሃት የተወለደ ነው። በወጣትነታቸው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ገብተው ሲያጥቡ አንድ መንገደኛ በውጭ ያለውን ቫልቭ በጨዋታ ከፈተባቸው። የተረፉት የብረት መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጥተው አፍንጫቸውን ከጋኑ ጣሪያ አስጠግተው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናቸውንም ሥራ ሲጀምሩ የቫልቩን እጀታ ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ። እጀታው ኪሳቸው እስካለ ድረስ ማንም አይከፍትባቸውም።

ሥራው አልቆ ውሃው ሲመጣም አይነሡም ነበር። ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከመንደሩ ሴቶች አንዷ ጄሪካኗን ሞልታ፣ ከዚያው ውሃ ጠጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ እስኪያዩ ድረስ ይጠብቃሉ። ከዚያ ይነሡና እጀታውን በመዳፏ ያስቀምጣሉ። መኪናው እየጠበቀን፣ ፀሐይ እየዘቀዘቀች ስቁነጠነጥ ያዩኝና «ባለ ዲግሪው፣ ለውሃ የሚመሰክርለት የጠጣው ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ወግ እቆጥረው ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማርቆስ የሚባል የጀልባ ነጂ ሶዶ ድረስ መጣ። ጀልባው የጤና ባለሙያዎችን ከሐይቁ ማዶ ወዳሉት መንደሮች የሚያመላልስ፣ በሌላ ቦታ ብዙ ዘመን ያገለገለ አሮጌ ጀልባ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሽንት ቤት አለው፤ ፓምፑ የሐይቁን ውሃ ስቦ መቀመጫውን ያጥባል፤ ቆሻሻውን ፈጭቶ ወደ ጋን ያስገባል፤ ጋኑም የብስ ላይ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ይገለበጣል። ይህ ዕቃ ዘመኑ አልፎበት፣ ሞተሩም ዝጎ ከቆመ ወራት ሆኖት ነበር። አዲስ ተገዝቷል፤ የሚገጥም ሰው ግን አልተገኘም።

«እኔ የጉድጓድ ሰው ነኝ» አልሁት።

«ጋሼ፣ ፓምፕ ያው ፓምፕ ነው። ደግሞ የላከችኝ ሲስተር ምሕረት ናት። ሳልይዝዎት ብመለስ እኔ ነኝ የምዋኘው።»

ሲስተር ምሕረት በጀልባው የምትጓዝ ነርስ ናት። የጀልባው ማረፊያ ዳር ስደርስ ጉዳዩን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። «ወንዶቹ ወደ ኋላ ዞረው ይጨርሳሉ። እኛ ዳር እንውረድ ብንል ዳሩ የአዞ ነው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እስክንመለስ ውሃ አንጠጣም። ውሃ ላይ እየዋልን ጉሮሯችን ደረቅ ነው። እኔ በኩላሊት ኢንፌክሽን ኦቶና ሆስፒታል ተኝቼ ነው የመጣሁት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ሥራውን ልትተው ነው።»

«እናቶቹን ውሃ ጠጡ እያለች ትመክራለች» አለ ማርቆስ፤ «እርሷ ግን ግመል ናት።»

«ግመልስ በሩ የሚዘጋ ሽንት ቤት ቢያገኝ መች ይከለከል ነበር» አለችው።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ውሃው ከሐይቁ የሚገባበትን የወለል ቫልቭ ዘጋሁና እጀታውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አሮጌው መቀመጫ በዝገት ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመጋዝ ቆረጥኩ። የጀልባው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ጥሩ ፒንሳና መፍቻ ስላገኘሁ ቦታ እንዳያጣብብ ሳጥኑን ወደ ዳር አስወጥቼ በእነርሱ ሠራሁ። ሽቦውን በወፍራሙ ለወጥኩ፤ ፊውዙን አስተካከልኩ፤ የቱቦ ማሰሪያዎቹን ሁሉ እጥፍ አደረግሁ።

ከፓምፑ ወደ መቀመጫው የሚሄደው ቱቦ በግድግዳው ላይ ሽቅብ ወጥቶ፣ እንደ ቅስት ታጥፎ ይወርዳል። በቅስቱ አናት ላይ አንዲት አነስተኛ የናስ ቁራጭ ነበረች። በመካከሏ ጠባብ ቀዳዳ አለባት፤ ቫልቩን ለአፍታ ከፍቼ ፓምፑን ሳስነሣ ጠብታ ተፋች። ጉንጬን አስጠጋሁ፤ ፓምፑ ሲቆም አየር ወደ ውስጥ ሳበች። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋጋው የኖርኩት ጠላት አናት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፈትቼ አወጣኋትና በቦታዋ ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ ክርን የታጠፈ የቱቦ መጋጠሚያ ገጠምኩ። በሥራዬ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል መኩራቴን አላስታውስም።

ቫልቩን እንደገና ከፍቼ ሞከርኩ። ባዶው ጀልባ ከዳር ታስሮ ቀለል ብሎ ተንሳፏል። ውሃው መጣ፤ አጠበ፤ ቆመ። አንዲት ጠብታ የለም። እጄ፣ አእምሮዬን ሳይጠይቅ፣ ቫልቩ እንደተከፈተ እጀታውን ነቅሎ ወደ ኮቴ ኪስ ከተተው። ለማርቆስ ልሰጠው አስቤ ነበር። እርሱ ግን ነዳጅ ሊያመጣ ሄዷል፤ ወደ ቤሌ የሚያደርሰኝ ሞተረኛ ጡሩምባውን ይነፋል፤ የመጨረሻው የሶዶ አውቶቡስ አይጠብቅም። ሲስተር ምሕረት ከዳር ሆና «ጋሼ፣ ነገ አብረውን ተሻግረው ቢመለሱስ?» አለችኝ።

«ሥራው አልቋል፣ ሲስተር» ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤቴ ደጃፍ ጋዜጣ ሳነብ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ጀልባው ዛሬ ፀባዩ ተለውጧል። ኋላው ይጎተታል።»

«ስንት ሰው ጫንክ?»

«ከእኔ ጋር ስድስት፤ አንዷ እናት ሕፃን ይዛለች። የአልሚ ምግብ ካርቶንም አለ። ግን ይህን ጭነት ያውቀዋል።»

«የወለሉን ክዳን አንሣ።»

የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተሳፋሪዎቹ እንዳይሰሙት ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ውሃ አለ» አለኝ።

የጉድጓድ ሰው ውሃ ሲጠፋ እንጂ ሲበዛ አይደነግጥም። እኔም በመጀመሪያ አልደነገጥኩም። የሞተሩ ዘንግ ከጀልባው የሚወጣበትን ቦታ እንዲያይ አዘዝኩት፤ ደረቅ ነበር። ውሃ መድፊያው ፓምፕ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ረጥቦ የተበጣጠሰ ካርቶን አፉን ደፍኖታል። በዚህ ሁሉ ደቂቃዎች አለፉ። በመጨረሻ ወደ የትኛው ዳር እንደሚቀርቡ ጠየቅሁት። «ወደ ማረፊያው አንድ ሰዓት ገደማ አለን። በቀኝ ገደል ነው። በግራ ያለው አሸዋ ላይ አዞዎቹ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።»

«ሽንት ቤቱን የተጠቀመ አለ?»

«ሲስተር ቅድም ገብታ ነበር።»

«በሩን ክፈት።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁት። «ጋሼ፣ መቀመጫው ሞልቶ በጠርዙ ዙሪያ ይወርዳል። ፓምፑ ግን ቆሟል። ድምፅ እንኳ የለውም።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንዲህ ያለ መረዳት ለማንም አልመኝም። ጀልባው ባዶ ሳለ መቀመጫው ከሐይቁ ወለል በላይ ነበር። ሰውና ካርቶን ሲጫንበት አንድ ስንዝር ሰመጠ፤ መቀመጫው ከሐይቁ ውሃ ወለል በታች ሆነ። ፓምፑ አንድ ጊዜ ውሃውን በቅስቱ ላይ አሻገረው፤ ያቺን የናስ ቁራጭ ነቅያት ነበርና ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ሐይቁ ራሱ በቱቦው እየተሳበ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ዕድሜዬን ሁሉ ውሃን ከታች ወደ ላይ ስለምን ኖሬ፣ ሳይለመን የሚመጣ ውሃ እንዳለ ረስቼ ነበር።

«ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ቫልቭ ዝጋው።»

«እጀታ የለውም፣ ጋሼ።»

ኮቴ በግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እጄን ሳልሰድ በፊት አውቄዋለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«በፒንሳ አዙረው።»

«የመሣሪያ ሳጥኑን ትናንት ለእርስዎ ብለን አወጣነው። ዳር ላይ ቀርቷል።» በዚህ ቃል ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ከስልኩ ወዲያ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ በወላይትኛ ይጸልያል። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ። «ምሕረት ነኝ። ለእኔ ይንገሩኝ፤ ማርቆስ መሪውን ይያዝ።»

ምን ብዬ ልንገራት? «ሲስተር፣ እንደ ግሉኮስ ነው» አልኳት። «ከረጢቱ ሐይቁ ነው፤ የሚፈሰው ወደ እናንተ ነው። ቱቦው በግድግዳው ላይ እንደ ቅስት ታጥፏል። በቅስቱ አናት አየር መግባት አለበት። አየር ከገባ ውሃው ለሁለት ተቆርጦ ይቆማል።»

«እኛ የተማርነው አየር ቱቦ ውስጥ እንዳይገባ ነው።»

«እኔም የተማርኩት እርሱኑ ነው፣ ሲስተር። ዛሬ ሁለታችንም እንርሳው።»

«ወፍራም መርፌ አለኝ።»

«አናቱ ላይ ውጊው።»

የስልኩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር። «ይስባል … ያፏጫል … ግን ውሃው አልቆመም።» ቀዳዳዋ ጠባብ ነበረች። ዕድሜ ልኬን ጠባብ ቀዳዳ ስረግም ኖሬ፣ ያን ቀን ጠበበችብኝ።

«ቁረጪው! በመቀስ ከአናቱ ቁረጪው፤ ሁለቱንም ጫፍ ሽቅብ ይዘሽ …»

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል የደወልኩላቸው ደንበኛ እንደማይገኙ አንዲት ትሑት ድምፅ ነገረችኝ። ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አላውቅም። ባለቤቴ ከጓሮ መጥታ ፊቴን አየችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጀታውን ጨብጬው ነበር፤ በኋላ መዳፌን ስከፍት አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ በቆዳዬ ላይ ታትሟል። ለማን ልደውል? ሌላ ጀልባ በዚያ የለም። «ጌታ ሆይ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣልኝም፤ እርሱንም በሙሉ አልጨረስኩትም። በዚያ ሰዓት የፈራሁትን ፍርሃት መጠን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ማርቆስ ደወለ። «ደርሰናል» አለ። ውሃው የቆመው ቱቦው በተቆረጠበት ቅጽበት ነበር። ጫፎቹ እንዳይወድቁ ሲስተር ምሕረት በሁለት እጇ ሽቅብ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማለች፤ ሌሎቹ በባልዲና በካርቶን ክዳን ውሃ ሲጨልፉ ነበር። «ክንዷ አልታጠፍ ብሏታል» አለኝ። «ክንዷን እንደ ምስማር እንዳቆመች ነው የወረደችው።»

በሳምንቱ በሚኒባስ ሻንቶ ወረድኩ። ጋሼ ባሳ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ባለቤታቸው ቦይና የሚባለውን የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል የዳጣ ማባያ ጋር አቀረቡልን። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳልሸሽግ ተናገርኩ፤ በመጨረሻም እንደ ልጅ ከሰስኳቸው። «ቀዳዳ ጠላት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ለምን ጠላት አልኩህ?»

«አየር ስለሚያስገባ።»

«አየር ሲገባስ?»

«ውሃው ይቆማል።»

ቦይናቸውን በዳጣው ነክረው አላመጡ። «ታዲያ ባለ ዲግሪው፣ ውሃው እንዲቆም በፈለግክ ቀንስ?»

እርሳቸው ግን አልጨረሱም። «ይኼስ ይሁን፤ ሐይቅ አላሳየሁህም፤ ይህ የእኔ ጉድለት ነው። እጀታውን ለማን ሰጠህ?»

እጀታውን ከኪሴ አውጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ማን ጠጣ? ማንን አየህ? ድንጋዩ ላይ ተቀመጥክ?»

«አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር፣ ጋሼ።»

«አዎ» አሉ። «አውቶቡስ ሁልጊዜ ሊሄድ ነው።»

ወደ ሐይቁ ተመለስኩ፤ ማንም አልጠራኝም። የተቆረጠውን ቱቦ ለውጬ፣ ያቺን የናስ ቁራጭ ጠርጌ ወደ ቅስቱ አናት መለስኳት። የወለሉን ቫልቭ እጀታው በማይነቀል አዲስ ቫልቭ ተካሁት፤ አሮጌው እጀታ በዚህ ምክንያት እኔው ዘንድ ቀረ። መቀመጫውንም ባዶ ጀልባ ላይ አልሞከርኩም። ማርቆስ በማረፊያው የነበሩትን ሰዎች «ለሽንት ቤት ምርመራ ሰው ይፈለጋል፤ ወፍራም ይቀድማል!» እያለ ሰበሰበልኝ። አሥር ሰዎች እየሳቁ ተሳፈሩ፤ ጀልባው እስከ ቀዩ የጭነት መስመር ሰመጠ። ፓምፑን አሥራ ሁለት ጊዜ አስነሣሁ። ውሃው በየጊዜው እየቆመ ታዘዘ።

በማግስቱ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። በሕይወቴ ሐይቅ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ ዋናም አልችልም። ማርቆስ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ደረቴ ላይ ሲያስርልኝ «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎም ካርቶን ነዎት» አለኝ። በሽንት ቤቱ ደፍ ላይ፣ አንድ እጄን ቱቦው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል አሸዋው ይታየኛል፤ በላዩ ላይ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሞተሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ወለሉን እዳብስ ነበር፤ ጣቶቼ ደረቅ ሆነው ይመለሳሉ፤ እንደገና እዳብሳለሁ።

ሲስተር ምሕረት ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የውሃ ጠርሙስ ጭኗ ላይ አለ፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቀድሞ ልማዷ እንደተመለሰች ማርቆስ ነግሮኝ ነበር። ጠጪ ብዬ ለመለመን መብት አልነበረኝም። ጋሼ ባሳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ማንንም ጠጪ ብለው አያውቁም፤ ይጠብቁ ነበር እንጂ። እኔም ጠበቅሁ።

የሐይቁን ወገብ ስናልፍ ጠርሙሱን ከፈተች። ግማሹን ጠጣችና ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ቱቦው ተመለከተች። የቀረውንም ጨረሰችው። ከጊዜ በኋላ ተነሥታ «ያሳልፉኝ» አለችኝ፤ ገብታ በሩን ዘጋች። ፓምፑ ተነሣ፤ ቆመ። ማርቆስ ሳልጠይቀው ሞተሩን አጠፋ፤ ጀልባው በዝምታ ተንሳፈፈ። ጉንጬን በሩ ላይ አስጠግቼ አዳመጥኩ። ከቅስቱ አናት አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስትሳብ ሰማኋት። ከዚያ ምንም። ወለሉን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። ዝም ያለውን ውሃ ስለምፈራ እንደገና ዳበስኩ፤ አሁንም ደረቅ ነው።

በሩ ተከፈተ። እጇን በልብሷ እያደራረቀች በላዬ ተሻገረችና ወደ ማርቆስ ዞረች።

«ሌላ ጠርሙስ አለ?»